ያልተጠራ እንግዳ፦ የመጭመቂያው ላይብረሪ ኤስኤስኤችዲ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

አንድ ሰው በሌለ የተጠቃሚ ስም ወደ ራሱ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ ለማዘዝ በሚያገለግል መግቢያ) ለመግባት ይሞክራል። ኮምፒውተሩም «አይፈቀድም» ብሎ ይመልሰዋል። ይህን ለማለት ቀድሞ 0.299 ሰከንድ ይበቃው ነበር፤ አሁን 0.807 ሰከንድ ፈጀበት። ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ ነው። እኛ አገር ከሩቅ ሰርቨር ጋር ለሚሠራ ሰው እንዲህ ያለች መዘግየት ከቁጥር አትገባም። ሰውየው ግን በዚያ ሰዓት የፖስትግሬስን የመረጃ ቋት ፍጥነት በጥቃቅን መለኪያ እየለካ ስለነበር ማሽኑ ጸጥ እንዲልለት ይፈልግ ነበር። ጸጥታውን የሚበጠብጠው ደግሞ ኤስኤስኤችዲ፣ ማለትም የኤስኤስኤች እንግዶችን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ሆኖ ተገኘ። በተሳሳተ ስም የሚያንኳኩ የኢንተርኔት ሮቦቶችን ገና ከደጅ እየመለሰ ሳለ እንኳ ፕሮሰሰሩን ከልክ በላይ ይበላ ነበር።

ሰውየው አንድሬስ ፍሮይንድ ይባላል፤ ከፖስትግሬስ ገንቢዎች አንዱና የማይክሮሶፍት ባልደረባ ነው። ማሽኑ ላይ የተጫነው «ያልተረጋጋው» የደቢያን ሊኑክስ ነበር። ጊዜው የት እንደሚባክን ሲመረምር መሣሪያው ወደ ሊብኤልዜድኤምኤ ጠቆመው፤ በዚያ ላይብረሪ ውስጥ የትኛው ተግባር እንደሆነ ግን ስሙን ሊነግረው አልቻለም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ፓኬጆች ካዘመነ በኋላ ቫልግሪንድ የተባለው የማስታወሻ መርማሪ ግራ የሚያጋባ ቅሬታ አሰምቶት እንደነበርም ትዝ አለው። ሁለቱን ሲያገናኛቸው ነገሩ ደስ አላለውም።

ሊብኤልዜድኤምኤ ኤክስዚ ዩቲልስ የተባለው ፕሮጀክት አካል የሆነ፣ ፋይል የሚጨምቅና የሚዘረጋ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ስብስብ) ነው። ደጅ ላይ ቆሞ «ማን ልበል?» የሚል ዘበኛ ከመጭመቂያ ጋር ምን አገናኘው?

ፍሮይንድ ግኝቱን ለደቢያን የደኅንነት ቡድን በግል ካሳወቀ በኋላ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለሁሉም ይፋ አደረገው። በፈረንጆቹ ማርች 29 ቀን 2024 ዓርብ ነበር፤ ለምዕራባውያኑ ስቅለት፣ ለእኛ ደግሞ ዐቢይ ጾም ገና ሳይጋመስ። በኤክስዚ ዩቲልስ ስሪት 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ባለቤቱ ሳያውቅ የሚገባበት ስውር መንገድ፣ ተሠርቷል። ጉዳዩ በደኅንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2024-3094 የሚል ቁጥር ተሰጠው፤ የክብደት ነጥቡም ከ10 ሙሉ 10 ሆነ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ስለላ ወሬ ነው። በሩን የሠራው፣ ስሙ ጂያ ታን የተባለ፣ ፊቱን ማንም ያላየው ሰው ማን ነበር? ከየት አገር ነበር? እኔ ፓኬጅ ስገነባና ላይብረሪ ስፈልግ የምውል ሰው ስለሆንኩ ከስለላው ይልቅ የዘበኛውና የመጭመቂያው ጥያቄ ይበልጥብኛል።

የእንግዳው እንግዳ

ሊኑክስ ላይ ያለ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገውን ሁሉ በሆዱ ይዞ አይመጣም። በፋይሉ ውስጥ የስም ዝርዝር ይይዛል፦ «እነ እገሌን ካላገኘሁ አልነሳም» የሚል። ፕሮግራሙ ሲጠራ መጀመሪያ የሚነቃው ጫኚው ነው። ዝርዝሩን አንብቦ ላይብረሪዎቹን ይፈልጋል፤ ፋይሉ ራሱ የጠቆመው ዱካ ካለ እዚያ፣ ተጠቃሚው በአካባቢ ተለዋዋጭ ያመለከተው ካለ እዚያ፣ ከዚያም በሲስተሙ መዝገብና በተለመዱት ማውጫዎች ውስጥ። ያገኘው እያንዳንዱ ላይብረሪም የየራሱ ዝርዝር አለው። ጫኚው ያንንም ያነባል፣ የዚያንም የዚያንም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። የኦፐንኤስኤስኤች ገንቢዎች ኤስኤስኤችዲን ሲጽፉ ሊብኤልዜድኤምኤን አልጠሩም። ሲስተምዲ የተባለውንም የሊኑክስ አስነሺ አልጠሩም፤ እነርሱ የሚጽፉት ኦፐንቢኤስዲ ለሚባል ሌላ ሲስተም ነው፣ እዚያ ሲስተምዲ የሚባል ነገር የለም። ይሁንና ደቢያን፣ ፌዶራና ሌሎች ስርጭቶች (ሊኑክስን ከነፕሮግራሞቹ አሰናድተው የሚያቀርቡ) ኤስኤስኤችዲ ተነሥቶ ሥራ ለመጀመር ሲዘጋጅ ለሲስተምዲ እንዲያሳውቅ ፈለጉ። ስለዚህ የራሳቸውን ማስተካከያ ጨመሩ፤ ማስተካከያው ሊብሲስተምዲን ጠራ። ሊብሲስተምዲ ብዙ ሙያ ያለው ላይብረሪ ነው። ከሙያዎቹ አንዱ የሲስተሙን የክስተት መዝገብ ማንበብ ነው፤ መዝገቡ ተጨምቆ ሊቀመጥ ስለሚችል መጭመቂያ ያስፈልገዋል፤ መጭመቂያውም ሊብኤልዜድኤምኤ ነው።

ሠርግ ላይ አንድ ሰው ትጠራለህ፤ እሱ ባልንጀራውን ይዞ ይመጣል፤ ባልንጀራው ደግሞ የአክስቱን ልጅ። ማታ ላይ ጓዳ ገብቶ ድስት የሚከፍተውን ሰው ማን እንደጠራው ማንም አያውቅም።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በኤስኤስኤችዲ ፋይል ላይ ሪድኤልፍ በሚባለው መሣሪያ የተጻፈውን ዝርዝር ብቻ ብታነቡ በዚያን ጊዜው ደቢያን ሊብሲስተምዲን ታያላችሁ እንጂ ሊብኤልዜድኤምኤን አታዩም። ኤልዲዲን ብትጠቀሙ ግን ሙሉው የዘር ሐረግ ይዘረዘራል፣ ያልተጠራው እንግዳም ብቅ ይላል። እግረ መንገዴን፦ ኤልዲዲን በማታምኑት ፋይል ላይ አታሂዱት። በአንዳንድ ሁኔታ ፕሮግራሙን እስከማስነሣት ሊደርስ ስለሚችል መርማሪው ራሱ ተጠቂ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደ ቀላል መመልከቻ ስለሚቆጥረው ነው ይህን ማንሣቴ።

አርች ሊኑክስ ማስተካከያውን አላደረገም ነበር። እዚያ ኤስኤስኤችዲ ሊብኤልዜድኤምኤን አይጭንም፤ ስለዚህ የተመረዘው ስሪት ቤቱ ቢገባም ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ አልነበረም። ላይብረሪው ያው፣ ኤስኤስኤችዲ ያው፤ የተለየው አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው።

ማንም የማያነበው ስክሪፕት

ጂያ ታን የመጀመሪያውን ማስተካከያ ለኤክስዚ የላከው ጥቅምት 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ፕሮጀክቱን ለዓመታት ብቻውን የጠበቀው ላሴ ኮሊን የተባለ ፊንላንዳዊ ሲሆን ይህን የሚሠራው ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው ነበር። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በአእምሮ ጤና ችግር ምክንያት አቅሙ እንደተወሰነ በግልጽ ጽፏል። በዚያው ሰሞን ስማቸው ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ያልታየ ሰዎች «ፕሮጀክቱ ተዘነጋ፤ ለሌላ ሰው አስረክብ» እያሉ ይወተውቱት ነበር። ጂያ ታን በበኩሉ በትሕትና ይሠራ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ይሄኛው እንቁላል ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደበት፣ መጨረሻ ላይ ግን የፕሮጀክቱን ቁልፍ ያዘ።

ቁልፉን ይዞ ያደረገው ነገር ከሰውየው ማንነት ይልቅ ያስገርመኛል።

አንድን ሶፍትዌር ከምንጭ ኮዱ የገነባ ሰው ኮንፊገር የሚባለውን ስክሪፕት ያውቀዋል። ተግባሩ መጠየቅ ነው። ምን ዓይነት ሲስተም ላይ ነኝ? ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) የቱ ነው? ሊንከሩስ (ቁራጮቹን የሚያያይዘው)? ይህ ላይብረሪ አለ? የት ማውጫ ውስጥ? ለማረጋገጥም ጥቃቅን የሙከራ ፕሮግራሞችን ይጽፋል፣ ኮምፓይል ያደርጋል፣ ከተሳካ «አለ»፣ ካልተሳካ «የለም» ብሎ ይመዘግባል። ስክሪንህ ላይ ጥያቄና መልሱ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዳል፤ አንተ ቡናህን ትጠጣለህ። ስክሪፕቱ ራሱ በሌላ መሣሪያ የሚመነጭ፣ በሺዎች የሚቆጠር መስመር ያለውና ለሰው ዓይን የማይመች ነው። እኔም አላነበውም ነበር። የሚያነበው ሰው ካለ አላጋጠመኝም።

የክፋቱ መነሻ ያለው እዚህ ነው። የፕሮጀክቱ ክፍት የኮድ ማከማቻ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያየው ኮድ አለ። ፓኬጅ አዘጋጆች የሚወስዱት ግን ብዙ ጊዜ ማከማቻውን ሳይሆን ለስርጭት የተዘጋጀውን ጥቅል ነው፤ ጥቅሉ ውስጥ ኮንፊገር አስቀድሞ ተመንጭቶ ስለሚመጣ ሥራ ያቀላል። በዚህ ምክንያት ጥቅሉና ማከማቻው ፋይል በፋይል አይገጥሙም፤ ልዩነቱም የተለመደ ነው። ጂያ ታን በዚህች ልዩነት ውስጥ ገባ። «ቢልድ ቱ ሆስት» የሚል ስም ያላት፣ በግኑ ፕሮጀክቶች ዘንድ የታወቀች ትንሽ የኮንፊገር አጋዥ ፋይል አለች። የእሷን የተበረዘ ቅጂ በጥቅሉ ውስጥ ብቻ አኖረ። ማከማቻው ውስጥ ብትፈልጋት አታገኛትም።

የተበረዙት መስመሮች ለብቻቸው ጉዳት አያደርሱም። የሚያደርጉት በሙከራ ፋይሎች ማውጫ ውስጥ ያለ አንድ ፋይል ማንሣት ነው፤ ስሙ «መጥፎ-3» ብሎ ይጀምርና ብልሹ መሆኑን ይናገራል። መጭመቂያ ሶፍትዌር ብልሹ ፋይል ሲሰጠው እንደማይወድቅ መፈተሽ ስላለበት እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩ ማንንም አይገርምም። ይህኛው ብልሹ የሆነው ግን አንዳንድ ምልክቶቹ ቦታ ስለተለዋወጡ ብቻ ነበር፤ ታብ በባዶ ቦታ፣ ጭረት በስር መስመር። መልሰህ ብትለዋውጣቸው ጤነኛ የኤክስዚ ፋይል ይወጣል፤ ሲዘረጋ ሌላ ስክሪፕት ይሆናል። ያ ስክሪፕት ደግሞ ሁለተኛ የሙከራ ፋይል ይከፍታል፤ ከውስጡ አስቀድሞ ኮምፓይል የተደረገ የኮድ ቁራጭ ያወጣና ከላይብረሪው ሕጋዊ ቁራጮች ጋር እንዲያያዝ ያስገባዋል። ፋይሎቹ ማከማቻው ውስጥ የገቡት የካቲት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን ስሪት 5.6.0 በማግሥቱ ወጣ።

ስክሪፕቱ ሁልጊዜ አይሠራም። እሱም እንደ ደህናው ኮንፊገር ይጠይቃል። ሲስተሙ ሊኑክስ ነው? ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ዓይነት ነው? ኮምፓይለሩ ጂሲሲ፣ ሊንከሩ የግኑ ነው? እየተገነባ ያለው የደቢያን ወይም የአርፒኤም ፓኬጅ ነው? አንዱ ካልተሟላ ዝም ብሎ ይወጣል። በራስህ ማሽን ላይ ለሙከራ የምትገነባው ላይብረሪ ንጹሕ ይሆናል፤ የስርጭቱ ግንባታ ማሽን ላይ የሚገነባው ግን ይመረዛል። ለዓመታት በተለያዩ ሲስተሞች ላይ ሶፍትዌር በትክክል እንዲያያዝ ሲባል የተፈለሰፈውን የጥያቄ ዘዴ ሰውየው እንዳለ ተውሶ ዒላማውን መረጠበት። ጥያቄዎቹ ሁሉ እኔም በራሴ ስክሪፕቶች ውስጥ የምጠይቃቸው ናቸው።

አንዲት ነጥብ

ከሁሉ የምወዳት፣ መውደድ ከተባለ፣ የካቲት 18 የገባችው ለውጥ ናት።

ኤክስዚ ሲሜክ በሚባል ሌላ የግንባታ መሣሪያም ሊገነባ ይችላል። ሊኑክስ ላይ ላንድሎክ የሚባል መከላከያ አለ፤ ፕሮግራም በራሱ ፈቃድ እጁን የሚያስርበት ዘዴ ነው። ግንባታው ሲስተሙ ላንድሎክ እንዳለው ለማወቅ ሙከራ ፕሮግራም ጽፎ ኮምፓይል ያደርጋል። ጂያ ታን ሙከራውን «አሻሻለው»። በማሻሻያው ውስጥ፣ በአንድ ባዶ ሊባል በሚችል መስመር መጀመሪያ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ተቀምጣለች። በሲ ቋንቋ እዚያ ቦታ ላይ ነጥብ ስህተት ናት። ስለዚህ የሙከራ ፕሮግራሙ የትም ቢሆን፣ መቼም ቢሆን ኮምፓይል አይደረግም። ግንባታውም ሁልጊዜ «ላንድሎክ የለም» ብሎ ይመዘግብና መከላከያውን ሳያካትት በሰላም ይቀጥላል። የስህተት መልእክት አይታይም፤ የሙከራ ፕሮግራም መውደቅ በኮንፊገር ዓለም ስህተት ሳይሆን መልስ ነውና።

እኛ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመዝጋት አራት ነጥብ ያስፈልገናል። ሰውየው አንድ መከላከያ በአንዲቱ ዘጋ። ላሴ ኮሊን ነጥቧን ያነሣት ጉዳዩ በተጋለጠ ማግሥት ነው።

ከዋናው ፕሮግራም በፊት

የተመረዘው ቁራጭ ላይብረሪው ውስጥ ተቀምጦ ማን እስኪጠራው ይጠብቃል? ኤስኤስኤችዲ የመጭመቂያውን አንድም ተግባር አይጠራም። መልሱ አይፈንክ በሚባል የግኑ ዘዴ ውስጥ ነው። አንድ ተግባር በተለያዩ ፕሮሰሰሮች ላይ የተለያየ ፈጣን ቅጂ ሊኖረው ይችላል፤ ላይብረሪው ሲጫን ጫኚው «የትኛውን ላያይዝ?» ብሎ መራጭ ተግባር ይጠራል። ይህ የሚሆነው ፕሮግራሙ ራሱ አንዲት መስመር ሳይሠራ፣ የአድራሻ ሰሌዳውም ገና ሳይቆለፍ ነው። በኤክስዚ ላይ አይፈንክ የተጨመረው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሃንስ ያንሰን በሚል ስም በቀረበ ማስተካከያ ነበር፤ ያኔ ፍጥነት ለመጨመር ተብሎ ነው።

የጓሮው በር በዚህች ቅጽበት ይነቃል። የፕሮግራሙ ስምና ዱካ የኤስኤስኤችዲ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ካልሆነ ይተኛል። የተርሚናል ተለዋዋጭ ካለም ይተኛል፤ ስለዚህ ነገሩን ለመፈተሽ ኤስኤስኤችዲን በእጁ ከተርሚናል የሚያስነሣ አስተዳዳሪ ምንም አያይም። ሁሉ ከተሟላ፣ ኤስኤስኤችዲ የአርኤስኤ ፊርማ የሚያረጋግጥበት ተግባር ከአድራሻው ጋር እስኪያያዝ ይጠብቅና በራሱ ይተካዋል። ከዚያ በኋላ የተወሰነ የግል ቁልፍ ያለው ሰው ትእዛዝ ይልካል፤ ማሽኑም ገና የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ይፈጽምለታል። ቁልፉ የሌለው ምንም አያገኝም። የጠፋው ግማሽ ሰከንድ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የባከነ ነው። ሌባው ብዙ ጠንቅቆ ዘገየ።

5.6.0 ቫልግሪንድን ስላስጮኸና በአንዳንድ ቦታ ስላሰናከለ የካቲት 30 ቀን 5.6.1 ወጣ። ጂያ ታን የሙከራ ፋይሎቹን በአዲስ ተካቸው፤ ምክንያቱን ሲያስረዳ የቀድሞዎቹ በእሱ ማሽን ላይ በዘፈቀደ የመነጩ ስለሆኑ ወደፊት በድጋሚ ለመሥራት እንዲቻል መሆኑን ጻፈ። ለንጽሕና የሚጨነቅ ሰው አነጋገር ነው። ሃንስ ያንሰን የሚለው ስምም ደቢያን ወደ 5.6.1 እንዲያሻሽል የሚጠይቅ ማመልከቻ ይዞ ተመልሶ መጣ።

ፍሮይንድ ይፋ ሲያደርገው የተመረዘው ስሪት በደቢያን ሙከራና ያልተረጋጋ ቅርንጫፎች፣ በፌዶራ 40 የሙከራ ስሪትና በሮሃይድ፣ በኦፐንሱዜ ተምብልዊድ እና በካሊ ደርሶ ነበር። አብዛኛው ሰርቨር የሚሠራበት የተረጋጋው ደቢያንና የሬድ ሃት የድርጅት ስሪት ገና አልደረሰባቸውም። ኡቡንቱ የ24.04ን የሙከራ ስሪት በአንድ ሳምንት አራዝሞ ፓኬጆቹን እንደ አዲስ ገነባ።

ኮሊን ግንቦት 21 ቀን ስሪት 5.6.2ን አወጣ። የጓሮው በር ተወግዷል፤ አይፈንክም እንዲሁ። ስለ ሁለተኛው የሰጠው ማብራሪያ ደረቅና ቅን ነው፤ የተወገደው ለደኅንነት ተብሎ አይደለም፣ በዚህ ፕሮጀክት የሚያስገኘው ፍጥነት ከሚያመጣው ውስብስብነት ስለሚያንስ ነው ይላል። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። አጥቂው መሸሸጊያ ያደረገው ነገር መጀመሪያውኑም እዚያ መኖር ያላስፈለገው ነበር።

የሲስተምዲ ገንቢዎች በበኩላቸው ከመጋለጡ ቀደም ብለው ነገሩን ማቅለል ጀምረው ነበር፦ ሊብሲስተምዲ መጭመቂያዎችን አስቀድሞ ከሚያያይዝ ይልቅ በሚያስፈልጉት ሰዓት ብቻ እንዲጭናቸው። ያ ለውጥ ስርጭቶቹ ዘንድ ቢደርስ ኖሮ ሰንሰለቱ ሳይገናኝ ይቀር ነበር። አጥቂው በየካቲትና በመጋቢት ያን ያህል የቸኮለው ለዚህ ይሆናል የሚል ግምት አለ፤ እኔንም ያሳምነኛል።

ኤስኤስኤችዲ ለሲስተምዲ የሚያሳውቀው ነገር ምን ያህል ነው? በአካባቢ ተለዋዋጭ የተሰጠውን የሶኬት አድራሻ ያነባል፣ «ተዘጋጅቻለሁ» የሚል አጭር መልእክት ይልካል፣ ይዘጋል። ለዚህ ነው ሙሉው ሊብሲስተምዲ ከነዘመዶቹ የተጠራው። ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የወጣው ኦፐንኤስኤስኤች 9.8 ይህን መልእክት የሚልክ የራሱ አጭር ኮድ ይዞ መጣ፤ ሊብሲስተምዲን አይፈልግም።